ሴት፣ ከ40 እስከ 50፣ ሁለት መስመር

ትናንት ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ አንዲት ተዋናይት የኦዲሽን ማስታወቂያ ልካልኛለች። እንዲህ ይላል፦ «ሴት፣ ከ40 እስከ 50፣ የሙሽራዋ እናት። ሁለት መስመር ንግግር። የአንድ ቀን ቀረጻ። ክፍያ አለው።» ከሥሩ የቀረጻው ቀንና ቪዲዮ የሚላክበት የመጨረሻ ሰዓት ተጽፏል። እሷ ደግሞ ከራሷ ጨምራበታለች፦ «ይሄ አንቺን ነው!»

መብራቱን መልሼ አበራሁና ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሁለት መስመር ንግግር ከአልጋ የሚነሳ ሰው ሊገርማችሁ ይችላል። እኔ ግን ይሄን ዓይነት ማስታወቂያ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ለማወቅ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ስማር ድምፅ አስተምረውኛል፣ እንቅስቃሴ አስተምረውኛል፣ ገጸ ባሕሪ መተንተን አስተምረውኛል። ማስታወቂያ ማንበብን ግን ማንም አላስተማረኝም። አሁን የሚጀምሩት ልጆችም ሲማሩት አላይም።

ስጀምር ያየሁት ሁሉ ላይ ነበር የምወዳደረው። «ከ18 እስከ 25» ይላል፤ እኔ 30 ሞልቶኛል፤ ፎቶዬን እልካለሁ። «ቁመቷ ረዘም ያለ» ይላል፤ አጭር ነኝ፤ እልካለሁ። ዕድል በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም እያልኩ። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም። ያ ዝምታ ግን ለእኔ ዝምታ ብቻ አልነበረም። ፊትሽ አይሆንም፣ ድምፅሽ አይሆንም፣ አልፎብሻል የሚል ፍርድ ሆኖ ነበር ጆሮዬ ላይ የሚደርሰው። አንድ ዓመት ሙሉ የትም ሳልልክ ያሳለፍኩበት ጊዜ አለ። ማንም አላባረረኝም። ራሴን ነው ያባረርኩት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ወዲያ ማዶ የተቀመጥኩ ቀን ነው።

አንዲት የማውቃት ካስቲንግ ዳይሬክተር፣ ማለትም ለፊልም ተዋናዮችን አወዳድራ የምትመርጥ ባለሙያ፣ ደወለችልኝ። «ለሁለት ቀን አንባቢ ሆነሽ ነይልኝ» አለችኝ። አንባቢ ማለት ከካሜራው አጠገብ ቆሞ፣ ኦዲሽን ለሚሰጠው ሰው የሌላኛውን ገጸ ባሕሪ ንግግር እያነበበ የሚመልስለት ሰው ነው። ካሜራው አያየውም። ስሙም የትም አይጻፍም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን የሚገባውን ሰው ዓይን ለዓይን የሚያየው እሱ ነው።

የምትፈለገው ነርስ ነበረች። ሦስት መስመር አላት። ሐኪሙ እየመጣ መሆኑን ለቤተሰቡ ነግራ ትወጣለች፣ አለቀ። በሁለቱ ቀን 50 ገደማ ሴቶች መጡ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የጠረጴዛው ወገን ፍርሃት ነው። እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ሁልጊዜ ዳኛ ይመስሉኝ ነበር። ለካ እነሱም ተጨንቀዋል። ቀረጻው ሊጀመር 9 ቀን ቀርቶታል፣ ነርሷ አልተገኘችም። በሩ ሲከፈት ዳይሬክተሩ ቀና ይላል። ፊቱ ላይ የሚነበበው «እባክሽ አንቺ ሁኚና ገላግይኝ» የሚል ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት «ሊጥለኝ የተዘጋጀ ሰው» ብዬ ስተረጉመው ኖሬያለሁ።

ሌላው ደግሞ ጎበዞቹ መብዛታቸው ነው። ከመጡት ውስጥ 15 ያህሉ ሥራውን ነገ ቢሰጧቸው አሳምረው ይሠሩት ነበር። ቦታው አንድ ነው። እዚህ ነጥብ ላይ ከተደረሰ በኋላ ወሬው ስለ ችሎታ መሆኑ ያበቃል። አንዷ ከዋናዋ ተዋናይት ጋር ቁርጥ እህትማማች ትመስላለች፤ ተመልካቹ ይምታታበታል። አንዷ በጣም ረጅም ናት፤ ከአልጋው አጠገብ ስትቆም በሽተኛውንና እሷን አንድ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ሊያስቸግር ነው። አንዷ የቀረጻው ቀን ሌላ ሥራ አለባት። አንዷ ደግሞ ድምፅዋ ልብ ይሰርቃል። ሦስቱን መስመር ተናግራ ስትወጣ ተመልካቹ «ይቺ ሴት ትመለሳለች» ብሎ ይጠብቃል። አትመለስም። የነርሷ ሥራ መልእክቱን አድርሳ መሄድ ነው።

ያቺን ባለድምፅ አልረሳትም። በሁለቱ ቀን ካየኋቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች። ስትወጣ ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። ካስቲንግ ዳይሬክተሯ ደብተሯን አወጣችና ስሟን ጻፈች፣ ከሥሩም አሰመረችበት። ለነርሷ ግን ሌላ ሰው ተወሰደ። ልጅቷ ያን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፈች መገመት አያቅተኝም። ስልኳን እያገላበጠች ጠብቃለች። ማንም አልደወለላትም። «አልሆንኩም» ብላለች። ስሟ ተሰምሮበት ደብተር ውስጥ መቀመጡን አታውቅም። ከሰባት ወር በኋላ በሌላ ፊልም ላይ ትልቅ ሚና እንደተሰጣት ሰማሁ። የጠራቻት ያችው ባለደብተር ናት። ደስታዬ የራሴን ያህል ነበር፤ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ደብተር ካልኩ አይቀር ስለ ማሪዮን ዶኸርቲ ላንሳ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ቴሌቪዥን ገና ዳዴ ሲል ሥራ የጀመረች ካስቲንግ ዳይሬክተር ናት። ያየችውን ተዋናይ ሁሉ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈች ታስቀምጥ ነበር። በኋላ ዝነኛ የፊልም ተዋናዮች ለሆኑት ለጄምስ ዲንና ለዋረን ቢቲ ገና ማንም ሳያውቃቸው በቴሌቪዥን ሥራ ከሰጧቸው ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ለዚህ ሙያ የተሰጠው ክብር ግን በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። ከካስቲንግ ዳይሬክተሮች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የክብር ኦስካር የተሰጠው ሊን ስታልማስተር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2016 ነው። ብሪታኒያውያን በባፍታ የፊልም ሽልማታቸው ላይ የካስቲንግ ዘርፍ የጨመሩት በ2020 ነው። የኦስካር አካዳሚ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ ከ2025 ፊልሞች ጀምሮ ለካስቲንግ ራሱን የቻለ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። እኔ ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ ያ የተሰመረበት ስም ነው። እነዚህ ሰዎች ዋና ሥራቸው ማስታወስ ነው።

የአሜሪካዊውን ተዋናይ የብራያን ክራንስተንን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። በ1998 በአንድ ተከታታይ ድራማ፣ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ እንግዳ ሆኖ ተጫወተ። ያንን ክፍል የጻፈው ቪንስ ጊሊጋን ነው። ዓመታት አልፈው ጊሊጋን የራሱን ድራማ «ብሬኪንግ ባድን» ሲጀምር ያ ሰውዬ ትዝ አለው። የጣቢያው ኃላፊዎች ግን ክራንስተንን የሚያውቁት በአስቂኝ አባትነት ስለነበር ተጠራጠሩ። ጊሊጋንም የ1998ቱን ክፍል አውጥቶ አሳያቸው። የዋናው ገጸ ባሕሪ ሚና የተገኘው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ላይ በደንብ የተሠራ ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ መልስ አመጣ።

ከዚያ ከነርሷ ሳምንት በኋላ ማስታወቂያ ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ ግንበኛ ነው። ግንበኛ ድንጋይ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ያስቀመጠውን ንቆት አይደለም። ያ ጎን ለዚያ ቦታ ስላልሆነ ነው። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ድንጋይ ለሌላ ማዕዘን ያነሳዋል። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የጎደለው ቦታ ቅርፅ ነው። ስለ እኛ ምንም አይልም። ስለ ቦታው ግን ብዙ ይናገራል።

አሁን መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ገጸ ባሕሪው አይደለም፣ ክፍያው አይደለም፣ ቀኑ። በዚያ ቀን ነፃ ካልሆንኩ አልልክም። ተመርጦ «ይቅርታ፣ አልችልም» የሚል ሰው ስሙ ደብተር ውስጥ ይገባል፤ ግን በሌላ ገጽ ላይ። ከዚያ ዕድሜውን አያለሁ። ማስታወቂያ ላይ ያለ ዕድሜ የልደት ወረቀት ጥያቄ አይደለም፤ ካሜራ ላይ የምትመስሉት ዕድሜ ነው። ይሄን ደግሞ ራስ አይፈርድም። እኔ የማያውቁኝን ሰዎች «ስንት እመስላለሁ?» ብዬ ጠይቄ ነው የወሰንኩት። መልሱ አላስደሰተኝም፣ ግን ብዙ ድካም ቀነሰልኝ።

ችሎታ የሚጠይቅ ነገር ካለ ደግሞ እውነቱን ብቻ። አንድ ጊዜ መዋኘት እችላለሁ ብዬ ዋሸሁ። እስከ ቀረጻው እማራለሁ ብዬ ነበር። አልደረሰልኝም። ቀረጻው ቀን ውሃው ጥልቅ ነው። ሁሉም ተዘጋጅቶ ቆሞ ሳለ እውነቱን መናገር ግድ ሆነብኝ። ተተኪ እስኪፈለግ የ40 ሰው ሥራ ግማሽ ቀን ቆመ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን አብዛኛው የመጀመሪያ ኦዲሽን ሴልፍ ቴፕ ሆኗል። ራስን ቤት ውስጥ ቀርጾ መላክ ማለት ነው። ድሮም ነበር፣ ከ2020ው ወረርሽኝ በኋላ ግን ዋናው መንገድ እሱ ሆነ። በአንድ በኩል በረከት ነው። ከተማው ውስጥ የሌለ ሰው፣ ትንሽ ልጅ ያላት እናት፣ ሥራ ውሎ ማታ ብቻ የሚመቸው ሰው እኩል መወዳደር ይችላል። በሌላ በኩል ግን ያ ክፍል፣ ያ በር፣ ያ «እባክሽ አንቺ ሁኚ» የሚል ፊት የለም። ብቻችሁን ከስልክ ጋር ናችሁ። ደግሞ ለመላክ ስለሚቀል የሚጠየቀው በዛ። ማታ ደርሶ ለነገ ጠዋት 10 ገጽ ቀርጻችሁ ላኩ የሚል ነገር የደረሰው ሰው ያውቀዋል።

የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበር ሳግ-አፍትራ በ2023 ከሐምሌ 14 እስከ ኅዳር 9 በፈረንጆቹ ለ118 ቀን ሥራ ባቆመ ጊዜ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይሄው ነበር። በመጨረሻ በተፈረመው ውል ለመጀመሪያ ሴልፍ ቴፕ ከ8 ገጽ በላይ እንዳይጠየቅና ቢያንስ 48 ሰዓት እንዲሰጥ ተስማሙ። የማኅበሩ አባል ላልሆነ ሰው ውሉ አያገለግልም። ቁጥሩ ግን ጥሩ መለኪያ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝን ጥያቄ በዚያ ነው የምመዝነው።

ስለ አቀራረጹ ብዙ የሚባል አለ፣ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። ስልኩ አግድም ይቁም፣ በእጅ አይያዝ። ጀርባው ምንም የሌለበት ግድግዳ ይሁን። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ መስኮት ካለ ወደ መስኮቱ ዙሩ። ፍሬሙ ከደረት በላይ። አንባቢው ከሌንሱ አጠገብ፣ በዓይናችሁ ከፍታ ይቁም፤ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ እንዲታዩ። አንባቢው ለማይኩ ከእናንተ ይበልጥ ቅርብ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ፋይሉን ሰይሙ በተባላችሁት ስም ሰይሙ። አንዲት ካስቲንግ ዳይሬክተር «300 ቪዲዮ ውስጥ ስሙ ኦዲሽን ብቻ የሚል ፋይል ማንን ብዬ ልፈልገው?» ስትል ሰምቻለሁ።

አንባቢ ምረጡ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። የንግግሩን ግማሽ ራሳችሁ ቀድታችሁ በድምፅ ማጫወቻ ማስመለስ ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ፤ ይሞታል። ሰው ያስፈልጋል። የሚተነፍስ፣ የሚጠብቅ፣ ዓይኑን የማይነቅል ሰው። እኔና ማስታወቂያውን የላከችልኝ ልጅ እንዲህ ነው የተዋወቅነው። አንድ ቀን አንባቢ አጥታ አስቸገረችኝ። እኔም በሳምንቱ አስቸገርኳት። አሁን ሦስት ዓመት ሆነን። አንዳችን ያየነውን ማስታወቂያ ለሌላችን እንልካለን። «ይሄ አንቺን ነው» ስትለኝ ብዙ ጊዜ ትክክል ናት፣ ምክንያቱም እኔ ራሴን ከማየው በላይ እሷ በሌንሱ በኩል አይታኛለች።

ንግድ ማስታወቂያ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ፊልም ላይ ያሉ ሰዎች አንዳንዴ ዝቅ አድርገው ያዩታል። እኔ አላየውም። ለብዙ ተዋናይ የቤት ኪራይ የከፈለው እሱ ነው። ደግሞ ከባድ ነው። 30 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ሰው መሆን አለባችሁ። ብዙ ጊዜ ንግግርም የለውም። «በሩን ክፈች፣ አይተሽው ደንግጪ፣ ከዚያ ፈገግ በይ» ነው። የሚበላ ነገር ከሆነ ያንን ጉርሻ 40 ጊዜ በጉጉት መጉረስ አለ፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ መትፊያ ባልዲ የሚቀርበው ለዚህ ነው። ኦዲሽኑ ላይ «እጅሽን አሳዪ፣ ዙሪ፣ ጎንሽን አሳዪ» ሲባል መጀመሪያ ጊዜ ይከብዳል። የሚፈልጉት እጁ ስልክ ይዞ እንዴት እንደሚታይ ማወቅ ነው።

ምርጫውም ሌላ ነው። የቤተሰብ ማስታወቂያ ከሆነ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅ አንድ ላይ ነው የሚመረጡት። ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደ ካርታ ያጋጥሟቸዋል። ትንሹ ልጅ ታሞ ከቀረ የሚተካው ልጅ ፊቱ ይለያል። ያኔ አባትየውም ይለወጣል። አባት ከተለወጠ እናቲቱ ረዘመች ይባላል። እኔ አንድ ጊዜ «ተመርጠሻል» ተብዬ ከሁለት ቀን በኋላ የቀረሁት በዚህ ነው። ምክንያቱን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ባላውቅ ኖሮ አንድ ወር ፊቴን በመስታወት ስመረምር እከርም ነበር።

ሁለተኛው ዙር ላይ ክፍሉ ይሞላል። ዳይሬክተሩ አለ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ሰዎች አሉ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ደንበኛም አለ። ከዚያ «ቀኑን ያዢልን» ይባላል። ይሄ ቃል ብዙ ሰው ይጎዳል። ተመርጠሻል ማለት አይደለም። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች አንዷ ነሽ፣ ሌላ ሥራ ከመጣብሽ ቅድሚያ ንገሪን ማለት ነው። እስኪፈረም ድረስ ለቤተሰብ አልናገርም። ደስታውን ደብቄ አይደለም፤ እነሱም ሲያዝኑ ማየት ስለማልችል ነው።

አሁን ስለ ውል። እዚህ ላይ የምቆየው የተጎዳሁበት ስለሆነ ነው።

የንግድ ማስታወቂያ ክፍያ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቀረጻው ቀን ድካም ነው። ሌላው ፊታችሁን የመጠቀም መብት ነው፤ የት፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው አገር፣ በቴሌቪዥን ብቻ ነው ወይስ በኢንተርኔትና በመንገድ ላይ ሰሌዳም ጭምር። ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2000 የአሜሪካ ተዋናዮች ስድስት ወር ሥራ ያቆሙት በዚህ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ድርጅቶች ማስታወቂያው በታየ ቁጥር መክፈሉ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይለቅ ብለው ነበር። ተዋናዮቹ እምቢ አሉ።

እኔ የመጀመሪያ ማስታወቂያዬን ስሠራ ይሄን አላውቅም ነበር። የቀረጻው ጠዋት፣ ሜካፕ ወንበር ላይ ሆኜ ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ውስጡ «ለዘላለም፣ በማንኛውም መንገድ» ይላል። ደግሞ የዚያን ዕቃ ተፎካካሪ ማስታወቂያ አልሠራም የሚል ነገር አለበት፣ ለሦስት ዓመት። በሁለተኛው ዓመት ከዚያኛው እጅግ የሚሻል ሥራ መጣልኝ። ተፎካካሪ ነበር። እምቢ ማለት ግድ ሆነብኝ። ያኛው ማስታወቂያ ግን እየታየ ነው፣ ለእኔ የሚመጣ ነገር የለም። አላጭበረበሩኝም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ያስቆጨኝ ወረቀቱ የመጣበት ሰዓት ነው። ውሉን ከቀረጻው በፊት፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት ጠይቁ። ያልገባችሁን አንድም ቃል ሳይቀር ጠይቁ። በጥያቄ የተነሳ የሚሰረዝ ሥራ ገና ሲጀመርም ደህና አልነበረም።

አሁን ደግሞ አዲስ መስመር ገብቷል። ፊትንና ድምፅን በኮምፒውተር ገልብጦ ስለ መጠቀም የሚናገር ነው። የ2023ቱ ውል ለዲጂታል ቅጂ የተዋናዩ ግልጽ ፈቃድና ክፍያ ያስፈልጋል የሚል ነገር ያስገባው በብዙ ትግል ነው። ውላችሁ ላይ «በወደፊት ቴክኖሎጂዎችም» የምትል ሐረግ ካያችሁ ቆም በሉ። አንድ ቀን ሠርታችሁ የሄዳችሁበት ፊት ያላላችሁትን ነገር ሲናገር እንዳታገኙት።

ሌቦቹስ? አሉ። የሚጠቀሙትም በእኛ ጉጉት ነው። «ተመርጠሻል፣ መመዝገቢያ ክፈይ» የሚል ሁሉ ውሸት ነው። የሚያሠራ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ካሊፎርኒያ ሥራ አገኝላችኋለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበልን በ2009 በወጣ ሕግ ከልክላለች፤ የፊልሙ አገር ሆና ይሄን ያህል ተማርራ ማለት ነው። «ፎቶ የምትነሺው እኛ ጋ ካለው ፎቶ አንሺ ብቻ ነው» ካሉም ሥራቸው ፎቶ መሸጥ ነው። ከክፍያችሁ የበለጠ ቼክ ልከው «ትርፉን ለልብስ አቅራቢው አስተላልፊ» የሚሉም አሉ። ቼኩ ከቀናት በኋላ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ የላካችሁት ገንዘብ ግን ሄዷል። ኦዲሽኑ ማታ፣ ሰው ቤት ወይም ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ብቻሽን ነይ ከተባለ አትሂዱ። የመጀመሪያ ቪዲዮ ላይ ልብስ አውልቁ ከተባላችሁ አትላኩ። እውነተኛ የኦዲሽን ማስታወቂያ ሥራውን የሚያሠራው ማን እንደሆነ ይናገራል። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ስለ ክፍያው አይሸሽም። «ታዋቂ መሆን ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጀምር ነገር ውስጥ የጎደለ ገጸ ባሕሪ የለም፤ የሚፈለገው የእናንተ ኪስ ነው።

ወደ ሙሽራዋ እናት ልመለስ። ጠዋት ስክሪፕቱ ደረሰኝ፣ ግማሽ ገጽ ናት። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ተቀምጣ ብቻዋን ታወራለች። በር ይከፈታል። እናት «መኪናው መጥቷል» ትላለች። ሙሽራዋ መልስ አትሰጥም። እናት «ቀስ በይ፣ ይጠብቁናል» ትላለች። በቃ።

ይሄን ዓይነት ነገር ድሮ ቢሆን ዕንባ ሞልቼበት ነበር። ልጇን የምትድር እናት! ግን ትዕይንቱ የእሷ አይደለም። ሙሽራዋ መሄድ አልፈለገችም፤ እናትየው ታውቃለች፤ ማወቋን ግን ልጅቷ ማወቅ የለባትም። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ቀላል መሆን አለበት። እንደ ማንኛውም ጠዋት። ክብደቱን የምትሸከመው ሙሽራዋ ናት። ለኔ የተተወልኝ በሩን መክፈትና ትንሽ ቆይቶ መዝጋት ነው። ይሄን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ልጅቷ መጣች። ስልኩን አግድም አቆምነው፣ መጋረጃውን ገለጥን። የመጀመሪያውን ስንቀርጽ ድምፄ ከበደ። ሁለተኛው ላይ ቸኮልኩ። በሦስተኛው «ይጠብቁናል» ካልኩ በኋላ እጄ የበሩ መያዣ ላይ ትንሽ ቆየ። አስቤው አይደለም። ልጅቷ ስልኩን አነሳችና አየችው፣ ምንም ሳትል ራሷን ነቀነቀች። በተባልኩት ስም ሰይሜ ላክሁት።

ዕቃችንን ልናነሳ ስንል ቦርሳዋን ከፈተችና ሌላ ወረቀት አወጣች። ያው ፊልም ነው። «ሴት፣ ከ20 እስከ 28፣ ሙሽራ» ይላል። ትናንት አልነገረችኝም። «ጊዜ አለሽ?» አለችኝ።

ወንበሩን ወደ ግድግዳው መለስኩላትና ከሌንሱ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች፣ መስታወት እንደምታይ ሆና ሌንሱን አለፍ ብላ ተመለከተች። የራሷን ንግግር እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መኪናው መጥቷል» አልኳት።